ዋስ የሌለው የሹም ቃል

አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብለው ተርተዋል። ተረቱ በተነገረበት ዘመን እውነት ነበረው፤ ይኸውም ገበሬ ሞፈሩን ተሸክሞ ወደ ሰማይ ሊወጣ እንደማይችል ሁሉ፣ ባላገርም አቤቱታውን ይዞ ንጉሡን የሚከስበት ችሎት አልነበረውም። ዛሬ ግን ንጉሥ የለም። ዙፋኑ በ1967 ዓ.ም. ከፈረሰ እነሆ ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ ሆኖታል። ዳሩ ግን ንጉሡ ሄዶ ተረቱ ቀርቷል። ድሮ አንድ ሰው ብቻ ይለብሰው የነበረው ያለመጠየቅ ካባ ዛሬ ተቀዳዶ ለሚኒስትሩም፣ ለአስተዳዳሪውም፣ ለወረዳው ሹምም፣ ለምርጫ ተወዳዳሪውም ተዳርሷል።

እኔ በዚህች ጽሑፍ ልሟገትለት የተነሣሁት ነገር አጭር ነው። ሹም ወይም ሹመት ፈላጊ፣ ሐሰት መሆኑን እያወቀ ለሕዝብ የሚናገረው ቃል እንደ ነውር ብቻ ሳይሆን እንደ በደል ተቆጥሮ በሕግ ፊት ሊያስጠይቀው፣ ወንበሩንም ሊያሳጣው ይገባል እላለሁ። ይህን ስል የሚስቁብኝ እንዳሉ አውቃለሁ። «ሽማግሌው መምህር ደግሞ ፖለቲካን ያለ ውሸት ሊያስኬድ ነው» ይሉኛል። ይሳቁ፤ ሳቃቸውን ሲጨርሱ ግን መልስ ይስጡኝ።

አስቀድመን የሐሰት ቃል በአገራችን ሕግ ምን ያህል እንደሚያስቀጣ እንመልከት። ስለ አንድ ክንድ ድንበር በፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ምሎ፣ በሐሰት የመሰከረ ገበሬ ወኅኒ ይወርዳል። በባንክ ገንዘብ ሳይኖረው ደረቅ ቼክ የጻፈ ነጋዴ ይታሰራል። ሚዛን የሰረቀ ባለሱቅ ይቀጣል። ያልተማረውን ተማርሁ ብሎ የሐሰት የምስክር ወረቀት ያሳየ ሰው ከሥራው ተባርሮ ይከሰሳል። ይህ ሁሉ ደግ ነው፤ ሰው በሰው ቃል ካልተማመነ ገበያም፣ ጋብቻም፣ ጉርብትናም አይጸናምና። እንግዲህ አንድ ኪሎ ቡና በሐሰት የመዘነ ሰው ከተቀጣ፣ የአንድን አውራጃ ሕዝብ ረሃብ በሐሰት የመዘነ ሹም ስለ ምን ይሾማል? ለአንድ ሰው የተጻፈ ደረቅ ቼክ ወንጀል ከሆነ፣ ለሚሊዮን ሰው የተጻፈው ደረቅ ቼክ ስለ ምን «ንግግር» ተብሎ ይጨበጨብለታል?

የጥንቱን ሙግት የሚያውቁ ሰዎች ደግሞ ሌላ ነገር ያስታውሳሉ። በዚያ ዘመን ከሳሽም ተከሳሽም ዳኛ ፊት ሲቆሙ ነገራቸው ከመሰማቱ በፊት «ዋስ ጥራ» ይባሉ ነበር። ዋስ የሌለው ሰው ቃሉ አይሰማም። ይህ ትልቅ ጥበብ ነበር። ሰው በቃሉ የሚይዘው ነገር ከሌለ አፉን እንደ ፈለገ ይከፍታልና፣ ቃሉን ከአንድ ጭብጥ ነገር ጋር ያስሩበት ነበር። ዛሬ በአገሩ ላይ ከፍ ብሎ የሚሰማው ቃል የሹም ቃል ነው፤ በራዲዮ ይነገራል፣ በቴሌቪዥን ይታያል፣ በስልክ ላይ ይሰራጫል። ከሁሉ ይልቅ ዋስ የሌለውም እርሱ ነው።

በልጅነቴ በሚሲዮን ተማሪ ቤት ከተማርሁት ታሪክ ሁሉ የናቡቴ የወይን ቦታ ነገር ከልቤ አልጠፋም። ያን ሰው ሁለት ወራዶች በሐሰት መሰከሩበትና በድንጋይ ተወግሮ ሞተ። ነገር ግን የወራዶቹ አፍ የተከፈተው በንጉሡ ማኅተም በታተመ ደብዳቤ ነበር። ድንጋዩን የወረወሩት ሌሎች፣ የመሰከሩት ሌሎች፣ ደብዳቤውን የጻፈችው ግን ንግሥቲቱ ነበረች። ከቤተ መንግሥት የሚወጣ ውሸት እንዲህ ነው፤ ራሱ አይገድልም፣ ግን የሚገድለውን ሰው ፈቃድ ያስይዘዋል።

ምሳሌው ሩቅ ነው የሚል ካለ ወደ ገዛ ምድራችን እንምጣ። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ሰብል ጠፋ፣ ከብት አለቀ። ወሬው ለመንግሥት ሳይደርስ የቀረ አልነበረም። ወደ አዲስ አበባ የተሰደዱ ረሃብተኞች ከከተማው ዳር በፖሊስ ተመለሱ። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ወሎ ድረስ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ቢያሳዩ እንደ አወኪ ተቆጠሩ። የመንግሥት ቃል ግን «ምንም የለም፣ ሁሉም በእጃችን ነው» የሚል ዓይነት ነበር። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የሚባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ያነሣው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን እስኪታይ ድረስ ዓለም አላወቀም። በዚህ መካከል በዐሥር ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። ድርቁን ያመጣው ሹም አይደለም፤ ዝናብን የሚከለክል ሹም የለም። እህል በጊዜው እንዳይደርስ ያደረገው ግን የተደበቀው እውነት ነበር። ረሃብተኛው ሁለት ጊዜ ተበደለ፤ አንድ ጊዜ ሰማዩ ነፈገው፣ ሁለተኛ ጊዜ ሹሙ «አልተራበም» ብሎ መሰከረበት።

ቀጥሎ የሆነውን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት፤ የክርክሬ ሥር ያለው እዚያ ላይ ነው። በ1966 ዓ.ም. ባለሥልጣኖችን የሚመረምር ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ሰብሳቢውም መስፍን ወልደ ማርያም ነበሩ። በአገራችን ታሪክ ሹም በሕግ አግባብ «ምን አውቀህ ነበር? መቼ አወቅህ? ስለ ምን ደበቅህ?» ተብሎ የተጠየቀበት ጊዜ ቢኖር ያ ነበር። ነገር ግን ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎችን፣ ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትሮች የነበሩትን ጨምሮ፣ ያለ ፍርድ አስረሸነ። ጠመንጃው የሰውን አፍ ዘጋ፤ ጥያቄውንም አብሮ ቀበረው። ሙት አይጠየቅምና የረሃቡ ውሸት በማን፣ እንዴት፣ በየትኛው ደብዳቤ እንደ ተሸፈነ ተከራካሪ ወገኖች ቆመው፣ ማስረጃ ቀርቦ፣ ፍርድ ሳይሰጥበት ቀረ።

እውነቱም ራሱ መሣሪያ ሆነ። ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ምሽት፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ያ የወሎ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ ዳሩ ግን የቤተ መንግሥት ድግስና ቅንጦት በየመካከሉ እየተቀጠለበት ነበር። ያዩት ሁሉ አለቀሱ፤ የሚያለቅሱትም በሚገባ ነገር ነበር። ቀጣዮቹ ግን ያዘጋጁት ለረሃብተኛው ብለው እንዳልሆነ ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ታየ።

በ1976 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ስለሚመጣው ረሃብ ለለጋሾች አስታውቆ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. ግን አዲስ አበባ አብዮቱ ዐሥር ዓመት ሞላው ተብሎ ደምቃ፣ ሰልፍ ተሰልፎ፣ ፓርቲ ተመሥርቶ ዋለች። የውጭ ጋዜጠኞች በዓሉ እስኪያልፍ ወደ ሰሜን እንዳይሄዱ ተከለከሉ። ጥቅምት 13 ቀን ቢ.ቢ.ሲ. የቆረምን ሜዳ ለዓለም አሳየ። ያን ጊዜ የሞተው በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ነው። የፊተኛውን መንግሥት ረሃብ ደበቀ ብሎ የከሰሰው መንግሥት፣ ራሱ ረሃብ ደበቀ! እንግዲህ ምን እንማራለን? ሕግ ያልጠየቀውን ውሸት ጠመንጃ ቢጠይቀው፣ ጠመንጃ ውሸታሙን ይለውጣል እንጂ ውሸቱን አይሽርም።

ትልቁ ውሸት ግን ከላይ ብቻ አይወለድም። እኔ በወጣትነቴ በመምህርነት ባገለገልሁበት በአንድ የገጠር ተማሪ ቤት የክፍሌ መዝገብ 41 ስም ነበረው። ወደ በላይ የተላለፈውን ሪፖርት ባጋጣሚ ባየው ግን ልጆቼ 60 ሆነው አገኘኋቸው። «የቀሩት 19 ልጆች የታሉ?» ብዬ ብጠይቅ አንድ ኀላፊ «አንተ አስተምር እንጂ አትቁጠር» አለኝ። እነዚያ 19 ልጆች በወረቀት ላይ ተመዝግበው፣ በወረቀት ላይ ተምረው፣ በወረቀት ላይ ወደሚቀጥለው ክፍል አለፉ። ቁጥሩን የጨመረው ሰው ባመቱ ዕድገት አገኘ። እኔ በተማሪ ቤት ውስጥ የጓደኛውን መልስ የገለበጠውን ሕፃን ዜሮ እሰጠው ነበር፤ መንግሥት ደግሞ ሕፃናትን ፈጥሮ የጻፈውን ሰው ሾመው። ከሁለታችን ልጆቹ የማንን ትምህርት የሚይዙ ይመስላችኋል?

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቼ ልመለስ። ክርክራቸውን አልንቀውም፤ በየተራው እመልሳለሁ።

አንደኞቹ «ዳኛው ሕዝብ ነው፤ ውሸታሙን በምርጫ ይጥለዋል፤ ፍርድ ቤት ምን አገባው?» ይላሉ። ያማረ ቃል ነው። ነገር ግን ገበያተኛ በተሰበረ ሚዛን የገዛውን እህል «ራሱ መርጦ ገዝቷል» ብለን እንተወዋለን? መራጭ የሚመዝነው በተነገረው ነገር ነው፤ የተነገረው ሐሰት ከሆነ ሚዛኑ ተሰብሯል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1895 ጀምሮ ስለ ተቃራኒው ተወዳዳሪ ጠባይና ግብር በሐሰት የሚናገር ሰው ምርጫው እንዲፈርስበት የሚያዝ ሕግ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ፊል ዉላስ የሚባለው የሌበር ፓርቲ ሰው፣ ሚኒስትርም የነበረ፣ በ103 ድምፅ ብልጫ ብቻ ተመረጠ። የተሸነፈው ተወዳዳሪ አቤት አለ። የምርጫ ፍርድ ቤት ዳኞች ነገሩን መርምረው፣ ዉላስ ስለ ተቃራኒው የጻፈው ሐሰት መሆኑንና ራሱም እውነት ነው ብሎ ለማመን ምክንያት እንዳልነበረው ስላገኙት ምርጫውን አፈረሱ፤ ለሦስት ዓመትም እንዳይመረጥ ከለከሉት። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ እንደ ገና መረጠ፤ የመረጠውም ከዚያው ከሌበር ፓርቲ ሌላ ሰው ነበር። አያችሁ? ፍርድ ቤቱ የሕዝቡን ዳኝነት አልነጠቀም፤ ሚዛኑን አቃንቶ መለሰለት እንጂ።

ሁለተኞቹ «ስሕተትንና ውሸትን ማን ይለያል? ይህ ሕግ ቢወጣ የሚናገር ሰው ይጠፋል» ይላሉ። እኔም ስሕተት ይቀጣ አላልሁም። ሐሳብም ይቀጣ አላልሁም። «ይህ መንገድ ለአገር ይጠቅማል» የሚለው ሹም ቢሳሳት ተሳሳተ ነው። «በአምስት ዓመት ድልድዩን እሠራለሁ» ብሎ ሳይሠራ ቢቀር ሰነፈ፣ ወይም ገንዘብ አነሰው እንላለን፤ ፍርዱም የምርጫ ነው። ድልድዩ ሳይኖር «ሠርቻለሁ፣ ሕዝቡም እየተሻገረበት ነው» ያለ እንደ ሆነ ግን ይህ ሐሳብ አይደለም፣ ተስፋም አይደለም። ወንዙ አለ፣ ድልድዩ የለም፤ ሹሙም ያውቃል። ዳኞች በየቀኑ በስርቆትና በማታለል ነገር «አውቆ ነው ወይስ ሳያውቅ?» ብለው ይመረምራሉ። የበግ ሌባን ልብ ለመመርመር የበቃ ዳኛ የሹምን ልብ ለመመርመር ስለ ምን ያንሳል?

ሦስተኞቹ ከሁሉ የበረታውን ክርክር ያመጣሉ። «ይህን ሕግ የሚይዘው መንግሥት ነው፤ በውሸታም ሹም ላይ ሳይሆን በሚተቸው ሰው ላይ ያዞረዋል» ይላሉ። ይህን ሲሉ እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ፤ ፍርሃታቸው ከመሬት የበቀለ ነውና። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185 ሐሰተኛ መረጃ ያሠራጨን ሰው እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር መቀጮ ይቀጣል። በፊደሉ ሲነበብ ለሁሉም ሰው ነው። ነገር ግን ከሳሹ ማን ነው? ዐቃቤ ሕግ ነው። የዐቃቤ ሕግ አለቃ ማን ነው? የፍትሕ ሚኒስቴር ነው፤ እርሱም የመንግሥት አንድ ክንድ ነው። ሎሌ ጌታውን ይከሳል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ካለ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሕግ እንደ ወንፊት ተገልብጦ ይሠራል፤ ደቃቁን ይይዝና ትልቁን ያሳልፋል። በስልኩ ወሬ የላከው ልጅ ይያዛል፤ በመንግሥት ማይክሮፎን ያወራው ሹም ያልፋል።

ስለዚህ ነው እኔ የምጠይቀው ሕግ ከዚህ የተለየ መሆን ያለበት። በተራው ዜጋ ላይ አይሠራ፤ ሥልጣን በያዘና ሥልጣን በሚፈልግ ሰው ላይ ብቻ ይሥራ። ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ብቻ አይሁን፤ ማንኛውም መራጭ ማስረጃውን ይዞ በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤት የሚገባበት በር ይከፈትለት። ቅጣቱም ወኅኒ አይሁን፤ ወኅኒ ያለበት የፖለቲካ ሕግ ውሎ አድሮ የገዢው ገመድ ይሆናልና። ውሸቱን በተናገረበት አደባባይ፣ በዚያው ራዲዮ፣ በዚያው ሰዓት ቆሞ ያስተባብል፤ እምቢ ካለ ወይም ደግሞ ከዋሸ ወንበሩን ይልቀቅ፣ ለተወሰነ ዘመንም እንዳይሾም ይከልከል። ይህ ሕልም አይደለም። በደቡብ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የምርጫ ሕግ፣ በምርጫ ማስታወቂያ ውስጥ እንደ ማስረጃ የቀረበ አሳሳች ሐሰት ሲገኝ እንዲነሣና እንዲስተባበል ያስጠይቃል፤ ነገሩም እስከ ፍርድ ቤት ይደርሳል። ያ አገር በዚህ ምክንያት ዲዳ አልሆነም።

«የሕዝብ ተወካይ በምክር ቤት ውስጥ ስለ ሰጠው አስተያየት አይከሰስም፤ ሕገ መንግሥቱ ይከለክላል» የሚልም ይኖራል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ54ኛው አንቀጽ ይህን መከለያ ሰጥቷል፤ ደግም አድርጓል። እኔ ያ አጥር ይፍረስ አልልም። ነገር ግን አጥር ያለው ቤት ራሱን ይጠርጋል እንጂ ቆሻሻ አያከማችም። የእንግሊዝ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 የገዛ ራሱን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረውን ቦሪስ ጆንሰንን በኮሚቴ መርምሮ፣ ምክር ቤቱን እያወቀ አሳስቷል የሚለውን ውሳኔ በ354 ድምፅ በ7 ተቃውሞ አጽድቋል። ሰውዬው ወንበሩን የለቀቀው ከዚያ አስቀድሞ፣ ፍርዱ እንደ ቀረበ ባወቀ ጊዜ ነበር። ምርመራው የተካሄደው በምክር ቤቱ ውስጥ ነው፤ የማንም የመናገር ነጻነት አልተነካም። የእኛም ሕገ መንግሥት በ12ኛው አንቀጽ ማንኛውም ኀላፊና ተመራጭ ኀላፊነቱን ቢያጓድል እንደሚጠየቅ፣ ሕዝብም እምነት ያጣበትን ተወካይ ሊያነሣ እንደሚችል ይናገራል። ቃሉ ተጽፏል፤ የጎደለው ዋሱ ነው።

አራተኞቹ «መንግሥት ምስጢር አለው፤ ሁሉን ቢናገር አገር ይጎዳል» ይላሉ። ዝምታና ውሸት አንድ አይደሉም። ስለ ሠራዊት ነገር ሲጠየቅ «ይህን አልናገርም» የሚል ሹም አልዋሸም፤ ሥራው ነው። በሩን ዘግቶ የቆመና የሐሰት መንገድ ያመለከተ ሰው እኩል አይፈረድባቸውም።

አምስተኞቹ ደግሞ እጅግ የሚያሳዝኑኝ ናቸው። «ይህ ሀብታምና የሠለጠነ አገር ነገር ነው፤ እኛ ድኾች ነን፣ ቅድሚያ እንብላ» ይላሉ። ወገኖቼ፣ ነገሩን ገልብጣችሁ ይዛችሁታል። በሀብታም አገር የሹም ውሸት ተወዳዳሪን ወንበር ያሳጣል፤ በእኛ አገር ግን እናትን ልጅ ያሳጣል። ጎተራው ሙሉ የሆነ ሰው የተሳሳተ ወሬ ቢሰማ ዋጋው ጥቂት ነው። የአንድ ወር ቀለብ ብቻ ያለው ሰው ግን «ዝናቡ ደግ ነው፣ እህሉ ሞልቷል» ተብሎ ከተዋሸ በሚቀጥለው ወር ይቀበራል። እንግዲህ የእውነት ሕግ ለጠገበ አገር ጌጥ ቢሆን፣ ለእኛ እንጀራ ነው። ከእንጀራ በኋላ የሚመጣ ሳይሆን እንጀራውን የሚያመጣ ነው።

ወቀሳዬን በሹማምንት ላይ ብቻ ብጨርሰው ግን አድልዎ ይሆናል። ውሸትን ከሚናገር ሰው ቀጥሎ የሚያሳድገው የሚያደንቀው ነው። እኛ የዋሸውን ሹም «ጮሌ ነው፣ ፖለቲካ ያውቃል» እንለዋለን፤ እውነቱን የተናገረውን ደግሞ «የዋህ፣ ሥልጣን አያውቅበትም» ብለን እንስቅበታለን። ያዋሸን የእኛ ወገን የሆነ እንደ ሆነ «ለእኛ ብሎ ነው» እንላለን። ይህ ራስን መሸጥ ነው። ለአንተ ብሎ የዋሸ ሰው ነገ በአንተ ላይ ለመዋሸት መሣሪያው በእጁ ነው፤ ያሳለልህለትም አንተ ነህ። ሕግ ከወጣም በኋላ የሚሠራው፣ የገዛ ወገናችንን ሹም «ዋሽተሃል፣ አስተባብል» ለማለት የሚደፍር ሰው ሲገኝ ነው። በየተማሪ ቤቱ፣ በየማኅበሩ፣ በየእድሩ ይህን ድፍረት ካልተለማመድን የወጣው ሕግ በመደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። እኔ በዚህ ተረት አምናለሁ፤ ነገር ግን የወሎ ሕፃናት ንጋቱን ሊጠብቁ አልቻሉም። እውነት እስኪጠራ ድረስ ሌሊቱን የሚያሳልፈን ሕግ ያስፈልገናል። ስለዚህ ወደፊት ድምፃችሁን የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ስለ መንገዱ፣ ስለ መብራቱና ስለ ውሃው ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን ጠይቁት፦ «ብትዋሸን በየትኛው ዳኛ ፊት እናቆምሃለን? ይህንንስ በሕግ ለማጻፍ ትፈርማለህ?» ከፈረመ ስሙት። ካልፈረመ ዋስ የለውምና፣ እንደ ጥንቱ ችሎት ቃሉ አይሰማ።